በዋሻው አፍ የተተከሉ ዱላዎች

ሳሊሀ የዋሻውን ቁልፍ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ከደዶ ደጋ ወረድ ብሎ ያለው ይህ ትልቅ ዋሻ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ከተከለለ ወዲህ የብረት በሩን ጠዋት የምትከፍተው፣ ማታ የምትቆልፈው እሷ ናት። በፊት ሰርቦ ሄዳ ቡና ትለቅም ነበር። ደመወዙ ደህና ነው ይሏታል፤ ደህናስ ደህና ነው፣ እሷ ግን ለደመወዝ ብላ አልመጣችም።

ባሏ ሙሀጅር ለከብቶቹ ጨዋማ አፈር ሊቆፍር እንደገባ ነው የቀረው። ላይ ደዶ ሲዘንብ ጅረቱ ሞልቶ በዋሻው አፍ ይገባል። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ከዋሻው አፍ በላይ ካለው አፋፍ ላይ የተከላት ዱላው ግን ዛሬም አለች። የአካባቢው እረኞች ልማድ ነው፤ የሚገባ ሰው ዱላውን ተክሎ ይገባል፣ ሲወጣ ነቅሎ ይሄዳል። ሳሊሀም ከአስፋልቱ ወደ ዋሻው ለሚያወርደው ቁልቁለት መደገፊያ ዱላ እየሰጠች ጎብኚውን ሁሉ ይህንኑ ታስደርጋለች። ሰው ይሳሳታል፣ ዱላ ግን አይሳሳትም ባይ ናት። የሙሀጅር ዱላ ብቻዋን ስትቀር ትቆልፋለች።

የዚያን እሁድ ከጅማ ከተማ፣ ከቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ አናጢዎች ሊጎበኙ መጡ። ኮፍያ ያደረጉትን ታላቃቸውን ጋሽ ደበበን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወደ ደዶ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ የሌሊት ወፎቹም ያለ አመላቸው በቀን ይተረማመሳሉ። ሳሊሀ ቶሎ ውጡ ብትላቸው ሳቁባትና ዱላቸውን ተክለው ገቡ።

ሲወጡ ካፊያው ጀምሮ ስለነበር እየተሯሯጡ ሽቅብ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሳሊሀ ከጥበቃ ጎጆዋ ሆና ያየችው ፊታቸውን ሳይሆን አፋፉን ነው። የሙሀጅር ዱላ ብቻዋን ቆማለች። አልሀምዱሊላህ ብላ ቆልፋ መንገድ ጀመረች።

አናጢዎቹን አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ተጠልለው አገኘቻቸው። አኒስ የሚባለው ወጣት ሁለት ዱላ ይዟል። ሁለተኛዋ የማን ናት ብላ ጠየቀችው።

«የጋሽ ደበበ ናት፣ አዴ። ቀድመው ወጥተው የረሷት መስሎኝ ልያዝላቸው ብዬ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይሆናል።»

የታላቁን ዱላ ተረስቶ አይቶ የሚያልፍ ልጅ በዚህ አገር አልተወለደም። መኪናው ሲከፈት ግን ውስጡ ማንም አልነበረም።

ሳሊሀ የጋሽ ደበበን ዱላ ነጥቃ ቁልቁል ሮጠች። ዝናቡን ያወርደዋል። የራሰው የሻሿ ቋጠሮ አልፈታ ብሏት በጥርሷ ፈታችው። ጅረቱ በበሩ ብረቶች መሀል እያገሳ ወደ ጨለማው ይገባል።

«ጋሽ ደበበ! የት ነዎት?»

ቁልፉን አዙራ በሩን ብትስብም ከውሃው ኃይል የተነሳ አልከፈት አላት። ባትሪዋን ወደ በሩ አናት ስታበራ፣ በውስጥ በኩል፣ ከላይኛው ብረት ላይ ኮፍያቸው ታስሯል። እስከ በሩ መጥተው ነበር። ተጣርተውም ይሆናል።

«ያ ረቢ» አለች። ሙሀጅርን የወሰደው ውሃ ነው፤ እኚህን የቆለፈችባቸው ግን እሷ ናት። አፋፉ ላይ ወጣች፣ የጋሽ ደበበንም ዱላ ከባሏ ዱላ አጠገብ መልሳ ተከለቻት።