ከማንጎው ሥር ያለችው ጥግ

ወይዘሮ ማሚቱ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ሲወርዱ የያዙት አንድ ጆንያ ልብስና ሦስት የእንሰት ችግኝ ነበር። ችግኞቹን በማግስቱ ተከሉ። ልብሱን ግን ከጆንያው አላወጡም። የሚለብሱትን ከላይ እየመዘዙ፣ ያጠቡትን መልሰው እየከተቱ፣ አፉን በገመድ አስረው በሩ አጠገብ አቆሙት።

«እንሰት በሌለበት ጓሮ ኖሬ አላውቅም» አሏት ምራታቸውን ብሩክታዊትን። «ከያዘልኝ እቀመጣለሁ። ካልያዘ መኪና መሳፈሪያውን አውቀዋለሁ።»

ብሩክታዊት አማቷን ትወዳቸው ነበርና ጆንያውን ባየች ቁጥር ወጥታ ችግኞቹን ታይ ነበር።

ፀሐዩን ፈርተው ለችግኞቹ ከጓሮው ማንጎ ሥር ያለችውን ጥግ የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ብሩክታዊት ሁለት ጊዜ አበባ ተክላ የደረቀባት ጥግ ናት። ወይዘሮ ማሚቱም በገረሴ ብርድ እንደለመዱት ትኩስ እበት እስከ ችግኞቹ አንገት ከመሩበት። ወር ሳይሞላ ሁለቱ በሰበሱ፤ ሦስተኛው ቢጫ ሆነ። ወይዘሮ ማሚቱ ገብተው የጆንያውን ገመድ አጠበቁ።

ብሩክታዊት ጎረቤታቸውን ጋሽ ሽበሺን ጠራች። ከአርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ ላንቴ ላይ ሙዝ ሲያለማ ያረጀ ሰው ነው። ጣቱን እበቱ ውስጥ ከትቶ ቶሎ አወጣው።

«እትዬ፣ እሳት ላይ እኮ ነው ያስቀመጡት።»

«አንተ የሙዝ ሰው፣ ስለ እንሰት ማን ጠየቀህ?»

«ሙዝና እንሰት ዘመዳሞች ናቸው። እኔም በዝምድና ነው የመጣሁት።»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እሱም እበቱን ጠርጎ አነሳና እንደ አፈር እስኪፈረፈር ይክረም አለ። ማንጎው ውኃውንም ብርሃኑንም ስለሚቀማ፣ እንሰቱ የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝበት ወደ ጥላው ጠርዝ ይዛወር አለ። «ለጨለማው ጥግ ጥላ የሚወድ ይስጡት። ኮረሪማ፣ ጎደሬ።»

ሁለቱ ሴቶች የማንጎውን ሥር ላለመቁረጥ አፈር ከላይ ደልድለው ኮረሪማውንና ጎደሬውን ተከሉ፤ ደረቅ ቅጠልም አለበሱት። የእንሰቱን የበሰበሰ ሥር ወይዘሮ ማሚቱ በቢላዋ አጽድተው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ የተረፈውን ችግኝ ቀስ ብለው በጥላው ጠርዝ በቆፈሩት ጉድጓድ አኖሩት።

አንድ ጠዋት ከእንሰቱ መካከል እንደ ዘንግ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ከሰዓት በኋላ ግን ወይዘሮ ማሚቱ የምዕራቡ ፀሐይ ለጋው ቅጠል ላይ ሲያርፍ አዩ። ገቡና ገመዱን ፈቱ።

ብሩክታዊት ከሥራ ስትመለስ ልብሱ አልጋ ላይ ተከምሯል። ጆንያው ተተርትሮ፣ በሁለት እንጨት ላይ በዚያው ገመድ ታስሮ፣ ለእንሰቱ ጥላ ሆኖለታል።

«እማማ፣ ልብስዎስ?»

«እኔ ምን አውቄ? ቁምሳጥን ያላችሁ እናንተ።»

ብሩክታዊት ቁምሳጥኑን ከፍታ የራሷን ልብስ ወደ ዳር ገፋ አድርጋ የአማቷን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች።

«የላይኛው ይርቀኛል» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ ከኋላዋ። «ከታች አድርጊልኝ።»