ከፍ ያለችው ጥግ

ከአምቦ የወጣሁ ማታ አባቴ እስከ ሚኒባሱ መስኮት መጥቶ በኦሮምኛ «ነጋቲ»፣ ደህና ሁኚ፣ ብቻ አለኝ። አዲስ ዓለም ከተማን ስናልፍ ይዘንብ ነበር፤ ለምን እንደምሄድ ለራሴም በደንብ አልገባኝም። ቅየሳ ተምሬ፣ ጀርመን ውስጥ ትልልቅ የሳህን አንቴናዎችን የሚለካ አንድ ትንሽ ድርጅት ለስድስት ወር ሙከራ ተቀብሎኝ ነው። ካለፍኩ ሥራውም የመኖሪያ ፈቃዱም ይቀጥላል፤ ካላለፍኩ እመለሳለሁ።

እዚህ ሰው ሁሉ ጋዝ ያለው ውሃ ይጠጣል። የመጀመሪያ ቀን ስቀምሰው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን የእኛን የአምቦ ውሃ ጨው ጨው የሚል ጣዕም የለውም።

የምንለካው አንቴና አምቦ ያለውን ግቢያችንን ከነጎረቤቱ የሚሸፍን ያህል ሰፊ ነው። ገጹ ከብዙ የአሉሚኒየም ፓኔሎች የተገጣጠመ ነው። በየፓኔሉ ላይ የሚያንጸባርቁ ትንንሽ ክቦች ለጥፈን ከየአቅጣጫው ፎቶ እናነሳለን፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷ ክብ መሆን ካለባት ቦታ ምን ያህል እንደራቀች ያሰላል። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ጥፋት ነው።

አንድ ሰኞ የአንዱ ፓኔል ጥግ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ አገኘኋት። ያንን ፓኔል ያስተካከሉት ኸር ዲተር ናቸው (እዚህ አቶን «ኸር» ይላሉ)፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው። አምቦ ልምምድ ላይ ሳለሁ አለቃችን ኦቦ ገመቹ ሲሳሳቱ «መሣሪያው ሳይሆን አይቀርም» እንላቸው ነበር፤ ገብቷቸው ራሳቸው ያርሙታል። እኔም ካሜራው ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ጀርመኖቹ ግን አመኑኝ። ካሜራውን ፈታተው ሁለት ቀን ሙሉ መረመሩት።

ሐሙስ ኸር ዲተር ጠሩኝ።

«ካሜራው ደህና ነው። አንቺ ምን አየሽ?»

«ጥጓ ትንሽ ከፍ ያለች ይመስለኛል።»

«መቼ አየሽው?»

«ሰኞ። እርስዎ ያስተካከሉት ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ ካልነገርሽኝ እንዴት ላስተካክለው?»

መፍቻቸውን ይዘው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

በሳምንቱ ከድርጅቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ልኬቷ በጣም ጥሩ ነው፣ ያየችውን ግን በጊዜ አትናገርም፣ ሙከራው በሦስት ወር ይራዘም ይላል። ምስጋና ይሁን ወቀሳ ሦስቴ አንብቤም አልለየሁትም።

እሁድ ለአባዬ ደወልኩ።

«ያስቀሩሻል ወይስ ይመልሱሻል?» አለኝ።

ገና አልወሰኑም አልኩት። የትኛውን እንደሚመኝ ከድምፁ ለመለየት ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

«አንቺስ የቱን ትፈልጊያለሽ?»

ይህን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። እሱም ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቀኝ።