የነጌሌው ሰርቨር ሦስት ደባሎች

ከሐዋሳ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ልንነሳ ስንል ሾፌሩ "ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ካልተጫነ አልነቃነቅም" አለ። እኔም ጭኔ ላይ አድርጌው እሄዳለሁ እንጂ አልሰጥም ብዬ ድርቅ አልኩ። በብርድ ልብስ የጠቀለልኩት ሳጥን ውስጥ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚያድርበት ኮምፒውተር አለ፤ በዚያ ኮረኮንች ላይ ጣሪያ ላይ ሲንገጫገጭ ማየት አልፈለግኩም። በመጨረሻ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልኩለትና ሳጥኑ እንደ ተሳፋሪ አጠገቤ ተቀመጠ።

የምሄደው ነጌሌ ቦረና ነው። እዚያ ሲስተር ብርሃኔ የምትባል ነርስ የምትሠራበት ክሊኒክ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና አንድ የከብት ነጋዴዎች ማኅበር አዋጥተው ይህን ሰርቨር ገዝተዋል። ለምና ያስማማቻቸው እሷ ናት። ክሊኒኩ የሕመምተኛ ካርድ የሚያገኝበት፣ ትምህርት ቤቱ የመለማመጃ ፈተና የሚሰጥበት፣ ማኅበሩ ደግሞ ለገበያ የቀረቡ ከብቶችን ፎቶ የሚለጥፍበት የየራሳቸው ድረ ገጽ አላቸው። ሦስቱን በአንድ ማሽን ላይ ማኖር የእኔ ሥራ ነው። ችግሩ፣ ብዙውን ያዋጣው ማኅበሩ ስለሆነ "በመጀመሪያው የገበያ ቀን ካልሠራልን ማሽኑን ወደ ቢሯችን እንወስዳለን" ብሏል። ያኔ ሲስተር ብርሃኔ ካርቶን ሙሉ ካርድ እያገላበጠች መፈለጓን ልትቀጥል ነው። በስልክ "እንዳታሳፍረኝ ወንድሜ" ብላኛለች።

መንገድ

ቦሬ ላይ ጉሙ ስላንዘፈዘፈን ሁሉም ጋቢውን ፈለገ። አዶላ ስንደርስ ደግሞ ሁሉም ሹራቡን አወለቀ። ምሳ የፍየል ጥብስ በላን፤ ጥሩ ጥብስ ነበር፤ ሾፌሩም እዚያ ታረቀኝ። ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ ሻኪሶ የሚታጠፍ አንድ ሰውዬ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ሳጥኔን በእጁ ዳሰሰ።

"የወርቅ ማሽን ነው?"

"አይደለም። የሕመምተኛ ካርድ ነው የሚፈልገው።"

"እሱን ደግሞ ማን ይገዛዋል?" ብሎ አዝኖልኝ ወረደ።

ከዋደራ ወዲያ ዛፉ እያጠረ፣ ኩይሳው እየረዘመ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ። ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋም ዞር ብለው አላዩትም። ነጌሌ ስንገባ እኔም ሳጥኔም ቀይ ሆነናል።

ክፍፍል

ሰርቨሩን ክሊኒኩ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ደህና የኢንተርኔት መስመርም ሶላርም ያለው እዚያ ነው። በማግስቱ ሦስቱ ተሰበሰቡ። መምህር ታደለ ትምህርት ቤቱን፣ ኦቦ ዲዳ የተባሉ ሽማግሌ ማኅበሩን ወክለው መጡ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኋቸው። ማሽኑ ቤት ነው፤ ሦስታችሁ ደባሎች ናችሁ። በሩ ላይ በረኛ የሚሆን ፕሮግራም አለ፤ እንግዳው የጠራውን አድራሻ አይቶ ወደየክፍላችሁ ይመራዋል። አንዱ የሌላውን ሚሞሪ እንዳይበላ በየመካከላችሁ ግድግዳ እሠራለሁ። ለዚህ ግን የየክፍሉን ስፋት ማወቅ አለብኝ።

ሲስተር ብርሃኔ የሕመምተኞቿን ብዛት ነግራኝ ምጥ የያዛት ሴት መጣች ተብላ ሮጣ ወጣች። መምህር ታደለም የተማሪዎቹን ነገረኝ።

"ኦቦ ዲዳ፣ እርስዎስ? በገበያ ቀን ስንት ከብት ይለጠፋል?"

"ኧረ ጥቂት ናቸው" አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። "ድርቁ መች ሎን አስተረፈልን!" ሎን ከብት ማለት ነው።

አሳዘኑኝ። ለማኅበሩ ጠባቧን ክፍል ሰጥቼ በሥራዬ ረክቼ ተኛሁ።

የገበያ ቀን

ረፋድ ላይ ኦቦ ዲዳ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ሰላምታው ግን አልተጓደለም። "አካም ጂርታ? ናጋ?" አሉኝ፤ አዳሬን፣ ቤተሰቤን፣ የአገሬን ዝናብ ጠየቁኝ። ሁሉም ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ "ማሽኑን ልንወስድ ነው የመጣነው" አሉ። "የሞያሌ ገዢ ይደውላል፣ ገጹ አይከፈትም።"

ከማለዳ ጀምሮ አጠገቤ የነበረው መምህር ታደለ ከወንበሩ ተነሳ፤ ሲስተር ብርሃኔ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። የእሷ ገጽ ደህና እየሠራ ነው፤ ግድግዳው ይዟል። የማኅበሩን ክፍል ከፈትኩት። በሬ፣ ላም፣ ወይፈን፣ ግመል፣ እንደገና በሬ፤ ወደ ታች ባወርደው ባወርደው አያልቅም፤ ጠባቧ ክፍል ጢም ብላ ሞልታለች።

"ኦቦ ዲዳ፣ ጥቂት ናቸው ብለውኝ ነበር እኮ!"

ሽማግሌው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሲስተር ብርሃኔ በጭንቀቷ መሃል አፏን ይዛ ሳቀች።

"ስንት ነው ብለህ ጠየቅካቸው? እዚህ አገር ከብት አይቆጠርም፤ ስንት አለህ ተብሎም አይጠየቅም። መቶም ይሁን ሁለት፣ መልሱ 'ጥቂት' ነው።"

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። "እሺ፣ ቁጥር ይቅርብኝ። ከሦስታችሁ ሰፊ ክፍል የሚያስፈልገው ማን ነው?"

ኦቦ ዲዳ የከዘራቸውን እጀታ ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ቀጥለው "ከካርዱ ቀንሰህ ስጠን" አሉ።

የሲስተር ብርሃኔ ሳቅ ቆመ። "ከካርዱ አይነካም ኦቦ። ማሽኑን ከወሰዱም ይውሰዱት፤ እዚህ እስካለ ግን ከካርዱ አይነካም።"

ጉሮሮውን የጠረገው መምህር ታደለ ነው። "ዛሬ እኔ ጋ ማን አለ? ተማሪው በሙሉ ገበያ ነው፤ ግማሹ የእርስዎን ከብት እየነዳ። በገበያ ቀን የእኛን ክፍል ይጠቀሙበት፣ ማታ ይመለስልን።"

የክፍሎቹን ልክ ቀየርኩት፤ በየገበያው ቀን ራሱ እንዲሰጥ፣ ማታም ራሱ እንዲመልስ አድርጌ አሰርኩት። ብዙ ሳይቆይ የኦቦ ዲዳ ስልክ ጮኸ። በኦሮምኛ ረጅም አወሩ፣ ሳቁም። ዘግተው ጎረምሶቹን "ሂዱ፣ ከብቱ ጋ ሂዱ" አሏቸው። ወደ እኛ ዞረውም "ማሽኑ እዚሁ ይሁን። የዚህ ቤት ሶላር ጥሩ ነው" አሉ።

ሲስተር ብርሃኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ተረኛዋን ሕመምተኛ ስትጠራ ድምፅዋ እስከ ግቢው በር ተሰማ። እኔም እንደዚያ ቀን በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መልስ

ኦቦ ዲዳ ጮጮ በምትባል በጭስ በታጠነች የወተት ዕቃ የግመል ወተት ሰጥተው ሸኙኝ። ጭስ ጭስ የሚል ወተት ነው፤ አዶላ ሳልደርስ ጨረስኩት። ሐዋሳ ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉን ስነግራት ትምህርቱን ከእኔ ቀድማ አገኘችው፦ "ማሽኑን አውቀኸዋል፣ ደባሎቹን ነው ያላወቅካቸው።"

ከሳምንታት በኋላ ሲስተር ብርሃኔ ደወለች። ባዶ ካርቶኖቿን ለሱቅ ሰጥታቸዋለች። አንድ የግመል ወተት ሻጮች ማኅበርም ሰርቨሩ ላይ አራተኛ ደባል መሆን ይፈልጋል፤ የሚያመጣቸው ኦቦ ዲዳ ናቸው።

"ስንት ናቸው?" አመለጠኝ።

ስልኩን ለኦቦ ዲዳ አቀበለቻቸው።

"ኧረ ጥቂት ናቸው" አሉኝ።

በዚያው ቀን ወጥቼ ትልቁን ሚሞሪ ገዛሁ።