ባየሽ የምታሳቅፋት ልጅ

መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት ከሰሊጥ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ ነው። በሰባዎቹ አጋማሽ በአንዱ መኸር የደረሰው ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሠራተኛ አቅራቢዋ ባየሽ አባቷ ያልታወቀ ልጅ ወልዳለች፤ ጧት ጧት ገበያው ዳር ወጥታ ከደጋ ለወረደው ወንድ ሁሉ የምታሳቅፈው አባትየውን ለመለየት ነው፤ ልጅቱ በማን ክንድ ላይ ዝም ካለች እሱ ነው አባቷ። ይህን የሰማ ጎረምሳ መንገድ ቀይሮ ይሄድ ጀመር። ሚስት ያለው ደግሞ ገና በሩቁ ያማትብ ነበር።

ውሸት ነው። ልጅቱ መጂዳ ትባላለች፤ እናቷ የባየሽ ጎረቤት ባለሱቋ ሁሪያ ናት። አባቷ ሙሐመድጣሂርም የትም አልጠፋም፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጨው ሲመዝን ይውላል። ጧት ደንበኛ ሲበዛ ባየሽ ልጅቱን ትይዝላቸዋለች። ማሳቀፏ ግን እውነት ነው።

ባየሽ ከበለሳ የወረደችው በልጅነቷ ነው። ሰሊጥ አጭዳለች፣ ለአጫጆች ቀቅላለች፣ ጉልበቷ ሲደክም ለመንግሥት እርሻው ሰው ማቅረብ ያዘች። ሌሎቹ አቅራቢዎች ጎህ ሲቀድ ትከሻው የሰፋውን እየተሻሙ የትራክተሩ ተጎታች ላይ ይጭናሉ። እሷ የምትመጣው አቧራው ሲበርድ ነው፤ ከግራሩ ሥር ወደቀሩት። «የተመረጠውንማ ማንም ይመርጠዋል፤ የእኔ እንጀራ ከተረፈው ነው» ትላለች።

አንድ ጧት ከግራሩ ሥር የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ውባንተ የሚባል ጎጃሜ። ማጭዱን በጋቢው ጠቅልሎ አስሮታል። ማጭድ ከተጠቀለለ ሰውየው አገሩ ሊገባ ነው።

«ወዴት ነው ጎጃሜው?» አለችው።

«ወዳገሬ፣ እትየ።»

«ሰሊጡ ቁሞ?»

«ሰሊጡ አልወደደኝም።»

ነገሩን ሳሉጎቹ ቀደም ብለው ነግረዋታል። ሳሉግ ማለት ብዙ መኸር ቆላ የከረመ፣ ለሥራ ዘግይቶ ለቀልድ ቀድሞ የሚነሣ ሠራተኛ ነው። ውባንተ ያሰረውን ሰሊጥ እንደ አገሩ የገብስ ነዶ አንሥቶ ወረወረው። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ አፉን ከፍቶ የቆመ ነገር ነው፤ ፍሬው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። የመንግሥት እርሻው ካቦ፣ ደሞዝ የሚባለው የሠራተኞች አለቃ፣ አባረረው። ሌላ እርሻ ሄዶም እጁ ያንኑ ደገመ። ከዚያ ወዲያ ስሙ «ዘሪው» ሆነ፤ እጨድ ቢሉት ዘራ።

«ያለኝ አንድ በሬ ነው» አለ ውባንተ፣ መሬት መሬት እያየ። «ጓደኛ ልገዛለት ነው የወረድሁ። ሚስቴ አሰበች ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ዘንድሮም በሬ ለምኘ ላርስ ነው።»

ባየሽ «አይዞህ» አላለችውም። የሰማው አይዞህ ጆንያ ይሞላል፤ አንዱም ሥራ አልሆነለትም።

«ልጅ አለህ?»

«ሦስት።»

«አቅፈህ ታውቃለህ?»

«ሴቶቹ እያሉ?»

«እንግዲያ ዛሬ ልመድ።» እንቅልፍ የወሰዳትን መጂዳን ክንዱ ላይ አኖረችለት። «ይቺ ከነቃች ጩኸቷ መተማ ድረስ ይሰማል። ሳትነቃ እናቷ ሱቅ አድርሳት።»

ሰውየው ክፉኛ ደረቀ። ከዚያ አንድ እግሩን አነሣ፣ እሾህ መሐል እንደገባ ሰው መሬቱን እየዳሰሰ ረገጠ። ሱቁ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሳሉጎች አዩት።

«ዘሪው አራስ ሆነ» አለ አንዱ።

«ገንፎ አገንፉለት እንጂ፤ ፊቱን አታዩትም?»

ትራክተር እየጮኸ አለፈ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ከለላት። ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ሊንጠባጠብ ሲል ልጅቱ ላይ እንዳይወድቅ አንገቱን አዞረ። ሱቁ በር ሲደርስ ሁሪያ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ባየሽ፣ ልጄን ለማን ሰጥተሽ ነው?»

«ለአዲሱ አጫጅ።»

«ወላሂ አንድ ቀን ሱዳን ታሻግሪያታለሽ» እያለች ተቀበለችው። መጂዳ አልነቃችም።

ባየሽ ከሱቁ ጎን አንድ እስር ሰሊጥ አመጣች። ከሥሩ ነጠላዋን ዘረጋች። «ይህንንም እንደሷ አንሣው። ስታስቀምጠው ለእናቷ እንደሰጠሃት አድርገህ።»

ውባንተ አነሣው፤ አዙሮ አዙሮ አቆመው። ነጠላው ላይ ለወደቀው ፍሬ ዶሮ እንኳ አታጎነብስም።

«አየህ» አለችው፣ «እጅህ አልበደለም። ገብስ የለመደ እጅ ነው፤ ከሰሊጥ ጋር ያስተዋወቀው ሰው ነው የጠፋ።»

ውባንተ እጁን ገልብጦ አየው። ከዚያ ጋቢውን ፈታና ማጭዱን አወጣ።

ካቦው ደሞዝ የጎደለውን ሰው ሊሞላ በትራክተር ሲመለስ ውባንተን ከፊት አገኘው። «እትየ ባየሽ፣ ይህንማ አባርሬዋለሁ።»

«አባረርኸው እንጂ መች አሳየኸው? ውሰደው። ከበተነ ተንበርክኬ የምለቅመው እኔ ነኝ።»

የባየሽ ጉልበት ለታቦትም መታጠፍ ከተወ ሰንብቷል፤ ኮኪት ሁሉ ያውቃል። ደሞዝ በአገጩ ወደ ተጎታቹ አመለከተ።

ባየሽም አልተንበረከከች። ሰሊጡ ታስሮ እንዲደርቅ የሚቆምበት ሂላ በውባንተ እጅ ሲሆን እንደ ጥሩ ሙሽራ አጃቢ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል። መኸሩ አጋማሽ ላይ አዲስ የሚወርደውን ሁሉ የሚያሠለጥነው እሱ ሆነ፤ ሳሉጎቹም ስሙን መለሱለት። ወሬኛው ግን ሥራ አልፈታም፦ አባትየው ተገኘ፤ ጎጃሜ ነው፤ ልጅቱ ክንዱ ላይ ዝም ብላ ሁሉም አይቷል። ሙሐመድጣሂር ይህን ሲሰማ ጨው መመዘን አቅቶት ሳቀ።

ውባንተ አገሩ ሊገባ ሲል ለመሰናበት ወደ ሁሪያ ሱቅ መጣ፤ ለሚገዛው በሬ ያዘጋጀውን ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ካቦዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። በስብሰባ ቀን «ጓድ» የሚባለው ደሞዝ መሐላቸው ተቀምጦ፣ «እኔ እኮ ገና ሳየው እጁን አውቄዋለሁ» አለ።

ባየሽ ያንቀላፋችውን መጂዳን አምጥታ በደሞዝ ክንድ ላይ አኖረቻት። ልጅቱ ዓይኗን ሳትገልጥ አፏን ከፈተችው፤ መንገድ ላይ ያለፈ የጭነት መኪና ሾፌር ሰው የገጨ መስሎት ፍሬን ያዘ።

ካቦዎቹ ሁሉ ወደየብርጭቋቸው አቀረቀሩ።

«ወይ ጉድ» አለች ባየሽ፣ «ለካ ካቦዎቹን ፈትኘ አላውቅም።»