ሥጋ የሌለበት ጥብስ

ሥጋ መብላት ካቆምኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በጾም ወራት ይህን ልብ የሚል የለም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ሁሉ እንደ እኔ ናቸው። ጾሙ ሲፈታ ግን ብቻዬን እቀራለሁ፤ ምርመራውም ያን ጊዜ ይጀመራል። አንዱ «ስኳር ነው ወይስ ሪህ?» ይለኛል። ሌላዋ ሃይማኖት ቀይሬ እንደሆነ በሚስቴ በኩል ታጣራለች። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የሚያናድደኝ ድስቴን ከፍተው የሚያዩት ናቸው። «ከተውክ አይቀር፣ ሥጋ የሚመስለውንስ ለምን አትተወውም?» ይሉኛል።

እኔም አፌ አያርፍም። እናቶቻችን በዓቢይ ጾም የሽምብራ ዱቄት አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጭራ ሳይቀር አውጥተውለት ወጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ዓሣ ካማራችሁ ለምን ዓሣ አትበሉም ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ታዲያ የእኔ ድስት ምን አጠፋ? እያልኩ እከራከራለሁ፤ ብዙ ጊዜም አሸንፋለሁ። እውነተኛውን መልስ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሾፌር ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በአይሱዙ ከወለጋ በኩል ከብት እየጫንኩ አዲስ አበባ አስገብቻለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አምቦን አለፍ እንዳልኩ ከኋላ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። በሬ ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ ከብት የጫነ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ደንቡ ዳር ይዞ ማቆምና ወጥቶ ማስነሣት ነው፤ ካልተነሣ ሌሎቹ ይረግጡታል። እኔ ገበያው እንዳያልፈኝ ብዬ ነዳሁ። ሲንፈራገጥ ይሰማኛል፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። አስኮ ደርሼ ጭነቱ ላይ ስወጣ ሦስት በሬዎች ቆመውበት ነበር። አልሞተም። አንድ ዓይኑ ክፍት ነበርና እኔን ያያል። ያን ዕለት ለምሳ የቀረበልኝን ጥብስ ጥቂት ጊዜ አየሁትና ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሥጋ አፌ አልገባም። መኪናዬንም ወደ ሲሚንቶ ጭነት አዞርኩት።

ሰው የማይገባው ነገር፣ ሥጋን ጠልቼው አልተውኩም። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ሥጋ ቤት በር ላይ ሳልፍ ምራቄን እውጣለሁ። የጠላሁት እኔን የሚያየውን ያን ዓይን ነው። ምላሴ ግን ዓይኑን አላየም፤ የለመደውን ይፈልጋል።

ደግሞም ሽሮ ብቻህን ብትበላው ማንም አይታዘብህም። ጥብስ ግን ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ሥጋ በተውኩ በመጀመሪያው ፋሲካ ዘመድ ወዳጅ በዶሮው ዙሪያ ተሰብስቦ እኔ ከዳር ሽሮዬን ይዤ ስቀመጥ ከሆስፒታል የወጣሁ መስዬ ነበር። እንግዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዋሩኝ ጀመር። ሚስቴ ይህን አይታ ሳምንቱ ሳያልቅ ከጦር ኃይሎች ሰፈር በላስቲክ የታሸገ የሶያ ሥጋ ገዝታ መጣች። ደረቅ፣ ቡናማ፣ ሲነኩት ስፖንጅ የሚመስል ነገር ነው። በፈላ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ውኃው እስኪወጣ ይጨመቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ራሴ ደረስኩበት። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የጥብስ ቅጠሉን ሳልሳሳ አደርጋለሁ፤ ቅቤ አልተውኩምና ቅቤውንም አበዛለሁ። ከሥሩ ፍም ባለበት ሸክላ ላይ ሲንቸሰቸስ ሰው ከበር ሆኖ ሥጋ ነው ብሎ ይምላል።

ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ጎሚስታ ነው፤ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። የተዋወቅነው በፈነዳ ጎማ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነን። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። እሱ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ እኔም ሥጋ በምበላበት ዘመን እነሱ ያረዱትን አልበላም ነበር። ይህ በመካከላችን አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ ሆኖ አያውቅም። ልጄን ስድር ለሙስሊም እንግዶቼ የሚሆነውን በግ ቢስሚላህ ብሎ ያረደልኝ እሱ ነው፤ በሌላ ድስት ተሠራ፣ በሌላ ክፍል ቀረበ። በፋሲካ ይመጣል፣ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ይቀርብለታል፣ ስቆ አጫውቶ ይሄዳል። በአረፋ እኔ እሄዳለሁ፣ የምስር ሳምቡሳ ይቀርብልኛል። ስንዋደድ እንዲህ ነበርን። በክፉ ቀን አብረን ቆመናል፣ ሬሳ አብረን ተሸክመናል፤ ከአንድ ትሪ ሥጋ በልተን ግን አናውቅም።

ሶያውን በለመድኩ በዓመቱ፣ በፋሲካ ዕለት ጎረቤቴ ገባና በሩ ላይ ቆሞ አየሩን አሸተተ። እኔ ከሸክላዬ ጋር ለብቻዬ ተቀምጬአለሁ።

«ና ብላ» አልኩት።

«ምንድን ነው?»

«ሶያ። ሥጋ የለበትም።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። እጁን ታጠበና ከፊቴ ተቀመጠ። ጠቅልሎ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ቆም አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ግድግዳ ሲገባብን የኖረው ሽታ ይሄ ነበር እንዴ?» አለኝ። ሚስቴ ከወዲያ ማዶ ከሳቋ የተነሣ ሰሃን ልትጥል ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ስጎራረስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የቅርብ ወዳጄን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥብስ ያጎረስኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሆነ። እሱ ቃሪያና ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፣ እኔ እሠራለሁ። ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ፈራረሰው መንገድ እናወራለን። ሥጋ የሚመስል ነገር ለምን ትበላለህ ለሚሉኝ ሁሉ ያልነገርኳቸው መልስ ይሄ ነው። ከእሱ ጋር ልበላው የምችለው ጥብስ ይህ ብቻ ነበር።

ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ነበር። አብረውኝ ሲሚንቶ የሚጭኑ ሁለት ሾፌሮች ቤቴ መጥተው ነበር። ጠጅ ጠጥተናል፤ ይህን የምለው ሰበብ ይሁነኝ ብዬ አይደለም፤ የምናገረውን አውቅ ነበር። ጎረቤቴ እንደ ልማዱ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ እኔና እሱ ከሸክላችን ላይ መብላት ጀመርን። ሾፌሮቹ ጥብሱን አይተው «ይሄ ሥጋ አይደለም ስትል ማን ያምንሃል?» እያሉ ሲስቁ ልቤ አበጠ። ሰው ማሳቅ እወዳለሁ፤ ሲሳቅልኝ ማቆሚያ የለኝም።

«ዛሬስ ከሌላው ቀን ይጣፍጣል» አለ ጎረቤቴ።

«ይጣፍጣላ!» አልኩት ፊቴን ኮስተር አድርጌ። «ዛሬ እውነተኛው ነው። አምስት ዓመት በቃኝ፣ ወደ ሥጋዬ ተመለስኩ። ንጋት ላይ በስመ አብ ብዬ የጣልኩት በግ ነው።»

ሾፌሮቹ ወዲያው ገባቸውና «እንኳን ደህና መጣህ!» ብለው ብርሌያቸውን አነሡልኝ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

ጎረቤቴ አልሳቀም። ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር። ሰው ፊት አልተፋውም። አፉን በመዳፉ ከድኖ ቀስ ብሎ ተነሣና ግቢ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄደ። እኔ እየሳቅሁ ተከተልኩት። ጎንበስ ብሎ ተፋ፣ ተጉመጠመጠ፣ ደግሞ ተጉመጠመጠ፣ ከዚያ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ሳቄ ጠፋ።

«ቀልዴን ነው!» አልኩት። «ቀልዴን ነው እኮ! ሶያ ነው!» ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁና ከቆሻሻው ውስጥ ባዶውን ላስቲክ አውጥቼ አመጣሁለት። እጄ ላይ ዘርግቼ አሳየሁት።

ላስቲኩን አላየውም። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና እኔን አየኝ። «ሶያ ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አለ። «በግ ነው ያልከኝም አንተ ነህ። የቱን ልያዝ?»

ላስቲኩን አጣጥፌ ያዝኩት። «ሳላውቅ ብበላ አላህ አይጠይቀኝም፤ ያን አልፈራሁም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ሄደ።

ያን ዕለት ሚስቴ እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቀችኝ። «ሰውዬው በአንድ ቃልህ ነው አፉን የከፈተልህ» አለችኝ። «አንተ ደግሞ ሾፌር እንዲስቅልህ ብለህ ጣልከው።» ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ እስከዚያ ቀን ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። የጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ እያዞረ ቀዳዳውን ይፈልግ ነበር። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። አጥፍቻለሁ፣ ወራዳ ሥራ ነው የሠራሁት፣ ምን ላድርግልህ አልኩት። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዞ ቀና አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ። በልቤ የያዝኩት ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ያ ሰው ቂም አያውቅም።

እሑድ ሲመጣ ግን አልመጣም። በሌላውም እሑድ አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይዞ እስከ ቤተሰብ ድረስ ይጠይቀኛል። ሚስቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሚስቱ አጥሚት ይዛ ገባች፣ እሱም መኪና ፈልጎ ሐኪም ቤት አደረሰን። ምንም አልጎደለብኝም፤ ከትሪው በቀር። እኔ ሶያዬን መሥራት አልተውኩም። ስሠራው ሽታው በግድግዳው እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ቅቤውን ቀነስኩ። እየዋለ ሲያድር ጣዕሙም ጠፋብኝ። ያን ጊዜ ነው ምላሴ ብቻውን ይህን ያህል እንዳልፈለገው የገባኝ።

እንዲህ ሆነን ዓመቱ ዞረ። ዘንድሮ ለአረፋ ልጁን ላከብኝ፤ ልጁም «አባዬ ምሳ ሳይበላ ይምጣ ብሎሃል» አለኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሳሎኑ በዘመድ ተሞልቷል፤ በትልልቅ ትሪ ሥጋው ቀርቦ ይበላል። እሱ ከእነሱ መካከል ተነሣና በመስኮቱ ሥር ለብቻ ወደ ቀረበች ትንሽ ጠረጴዛ ወሰደኝ። ሁለት ወንበር ብቻ ነበረባት። እጃችንን አስታጠቡን። ደስታዬ ሊያጋልጠኝ ደርሶ ነበር፤ እንደ ልጅ ነው የሆንኩት።

ሚስቱ ትሪውን አምጥታ በመካከላችን አስቀመጠችና ክዳኑን አነሣች። ድንች ነበር። ድንችና ካሮት። ድንቹ ለሁለት ብቻ ተከፍሎ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው እንኳ ድንች መሆኑን እንዲያውቅ ሆኖ ነበር የተሠራው።

«ትልልቁን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ሁላችንም እንድናየው ብዬ።»

ገባኝ። ከእንግዲህ ከእሱ ጋር የምበላው በቃል የሚታመነውን አይሆንም፤ በዓይን የሚታየውን ነው። ይህንንም ያደረገው ሊያሳፍረኝ አልነበረም። ዓመት ሙሉ አስቦ፣ አብረን የምንበላበትን መንገድ ፈልጎ ያገኘው ይህን ነው።

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ምንም ብታቀርብልኝ፣ ሥጋ የለበትም ካልከኝ አምንህ ነበር» አልኩት።

«አዎ» አለኝ። «እኔ ዋሽቼህ አላውቅማ።»

እንጀራውን ቆረሰ፣ ከመካከሉ ጠቀለለ፣ እጁን ዘረጋልኝ። አፌን ከፈትኩ። ድንች ነበር።