ገና አልወለድሁም

ማሬ ያደገችው «የስምንት ወር ልጅ አይበረክትም» ሲባል ነው። የሰባት ወሩ ያድጋል፣ የዘጠኝ ወሩም ያድጋል፣ የስምንት ወሩ ግን አይተርፍም ይላሉ በመተማ በኩል። ይህን ያወጣውን ሰው ባገኘው ልክ ልኩን እነግረው ነበር። ማሬ ድንበር ተሻግራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ስታበጥር ውላ ምጥ ያዛትና በስምንተኛው ወሯ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ልጅቱ ከጫጩት አትበልጥም። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ጆሮዋ ከታጠፈ እንደታጠፈ ይቀራል። ማሬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «የምትሄድ እንግዳ አልለምድም» አለች።

አዋላጇ ዳሊያ እናቷ የጎንደር ሰው ናት፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ዓረብኛ እየቀላቀለች ተቆጣች።

«ያ ማሬ፣ ይሄ ከላም ፋዲ ነው፣ ባዶ ወሬ! ሆድሽ ውስጥ በቆየች ቁጥር ሳንባዋ ይጠነክራል፤ ስምንት ከሰባት ይሻላል። አሁን የሚያስፈልጋት ሙቀት ነው። ደረትሽ ላይ እሰሪያት፣ የቀራትን እዚያ ትጨርስ።»

ማሬ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱ አልጨረሰችም። ያልጨረሰ አልተወለደም፣ ያልተወለደ ደግሞ አይሞትም።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልላት ብገባ «ገና አልወለድሁም፤ ሆዴ ወደ ደረቴ ወጣ እንጂ» አለችኝ። እንዳለው የሚባለው ባሏ «ስም እናውጣላት» ሲላት «ለማን?» ትለዋለች። ያን ጊዜ ተነስቶ ወደ ግቢ ይወጣል። ልቆጣት እፈልግና አንጀቴ አይችልም።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ማሬ ልጅቱን በነጠላዋ ሥር አድርጋ በገመድ በተጠለፈው አልጋዋ፣ አንገረቧ ላይ ታንቀላፋለች። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላታል፤ የማን ልብ እንደሚመታ አትለይም። ቀኑ ከቀን ይቀላቀልባታል። ዓይኗ ባያይም ደረቷ ያውቃል፦ ልጅቱ ከበደች፣ ጡት ስትስብ ትንፋሽ አያጥራትም፣ የታጠፈው ጆሮ ይቃናል። ማሬ ሳታስበው የሰሊጥ አጨዳ ዘፈን ስታንጎራጉር ልጅቱ እንቅስቃሴዋን አቁማ ታዳምጣለች። ዳሊያ እንደምትለው ይህን ድምፅ ከሆድ ጀምራ ታውቀዋለች። በእንቅልፏ ፈገግ ስትል ደግሞ እኛ «መልአክ እያጫወታት ነው» እንላለን።

አንድ ቀትር ላይ ማሬ ልታጥባት ጉልበቷ ላይ አጋደመቻት፤ እያንጎራጎረች ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ አፏን አየች። ከዚያ ዓይኗን ፈልጋ አገኘችውና በባዶ ድዷ ሳቀች። ነቅታ ነበር። ይህኛው ሳቅ የመልአክ አልነበረም፤ ለማሬ የተሳቀ ነበር።

እኔ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። ልጅቱ አለቀች ብዬ ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስገባ ማሬ ልጇን ፊቷ ላይ አስጠግታ ትንሰቀሰቃለች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ወለድሁ» አለችኝ። «እንዳለውን ጥሪልኝ፤ ሴት ልጅ ወለድን በይው።»