የማይደክመው ወርዋሪ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ካለች ጥገና ቤት ቆሜ፣ ጠጋኙ ያረጀ ኮምፒውተር ሲፈታ የሞቀ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ በጥሩወርቅ የቀናሁበት የስምንተኛ ክፍል ዘመን ድቅን አለብኝ።

ጥሩወርቅ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከሐሙሲት መጥታ እኛ ቤት ሆና ነበር የምትማረው፣ እናቴም «ከእሷ ተማር» ሳትለኝ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያን ጊዜ ለትምህርት ቤታችን በእርዳታ ከመጡት ኮምፒውተሮች በአንዱ ውስጥ ቤዝቦል የሚባል የባዕድ ጨዋታ ተገኘ፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የገና ጨዋታ ስንጫወት ያደግን ነንና የዱላው ነገር አልከበደንም፣ ሕጉ ግን ሳምንት ፈጀብን። ከትምህርት በኋላ እኔና እሷ ስንጋጠም ልጆቹ ከኋላችን ተደራርበው ያዩን ነበር።

እኔ አንድ ግራኝ ወርዋሪ ነበረኝ፤ በየጨዋታው እሱን ብቻ ሳስወረውር ክንዱ ይዝልና ኳሱ ያለ ችግር ይመታብኛል። ጥሩወርቅ ግን ከስሙ ጎን ያለችው አረንጓዴ መስመር ስታጥር ሰውየው መድከሙ እንደሆነ ከሁላችን ቀድማ ነቃች፤ የዛለውን ታሳርፋለች፣ ማንም ያልፈለገውን ታስገባለች፣ ታሸንፈኛለች። ሲጨበጨብላት ጆሮዬ ይግል ነበር። እናቴ ይህንንም ሰምታ መረቀቻት።

አንድ ቀን ቀድሜ ገባሁና የጨዋታውን ማስተካከያ ስጎረጉር የእኔን ቡድን ድካም የሚያስቀር ምርጫ አግኝቼ፣ ግራ ቀኝ አይቼ ተጫንኩት። ከዚያ ወዲያ ግራኙ አልዛለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በተከታታይ አሸነፍኳት፤ ማሳረፉም መቀያየሩም ከንቱ ሆነባት። ግን ማን እንደሚያሸንፍ ሳይጀመር የሚታወቅ ጨዋታ ምኑ ይታያል? ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ መረብ ኳሱ ሄዱ። በመጨረሻ እሷም ተነሣች።

«ወንድምዓለም፣ ያንተ ሰው አይደክመውም እንዴ?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ጠንካራ ነዋ» አልኳት።

«እንግዲያው እኔ ደከመኝ» ብላ ወጣች።

ተከትያት ወጥቼ ያደረግኩትን ብናገር ኖሮ ትስቅብኝ ነበር እንጂ አትቀየመኝም ነበር፤ እኔ ግን ተቀምጬ ጨዋታውን ብቻዬን ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ለየብቻ መመለስ ጀመርን፤ በዓመቱም ከሴት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ከእኛ ወጣች።

አሁን የምንገናኘው ለቅሶና ሠርግ ላይ ነው። ጉንጬን ትስመኛለች፣ የልጆቼን ደኅንነት ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ከሌሎቹ ዘመዶች መሐል ገብታ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እኔም ከወዲያ ማዶ ተቀምጬ፣ ሽበቴን ይዤ፣ አጠገቧ በተቀመጡት እቀናለሁ።